ወይዘሮ ኤሜሬንቲያ ያላስጨረሱት ንግግር

ሰው ገና አፉን ሲከፍት ንግግሩን ቀምቶ የሚጨርስለት ሰው የሌለበት መንደር የለም። ካለም ገና ሰው ያልሰፈረበት ነው። በእኛ ደብር፣ በዮርታሪድ፣ ይህን ሹመት ከእግዜር የተቀበሉት የቄሱ ባለቤት ክብርት ወይዘሮ ኤሜሬንቲያ ነበሩ።

«እመቤቴ፣ ላሜ...» ትላቸዋለህ።

«ገባኝ፣ ገባኝ! ጡቷ አብጧል። ይህን ቅባት ወስደህ እሻት።»

አንተ የሄድከው ላሟ ጠፍታብህ አይተዋት እንደሆን ልትጠይቅ ነው። ግን ማን ደፍሮ ይመልስላቸዋል? ቅባትህን ይዘህ ትወጣለህ። ላሟ ከጫካ ስትገኝ፣ ሳትታለብ ሰንብታ ኖሮ፣ ጡቷ አብጦ ታገኘዋለህ። እንግዲህ እንዲህ ካለ ሰው ጋር ምን ብለው ይከራከራሉ?

ባለቤታቸው ቄስ ሱንደሊየስ ደግሞ አንድ ቃል ተናግረው ሁለተኛውን እስኪያገኙት አጃ ይታጨዳል የሚባልላቸው ዝግተኛ ነበሩ። በበረዶው ወራት በየእርሻው እየዞሩ የሃይማኖት ትምህርታችንን ሲፈትኑ፣ ወይዘሮ አጠገባቸው ይቀመጡና ጥያቄውንም መልሱንም ይጨርሱታል። ከጳጳሱ ዘንድ «በትምህርተ ሃይማኖት የበሰለ ደብር» የሚል ምስጋና የደረሰን በዚሁ ምክንያት ነው። ሰውየው ሊሞቱ ሲሉ የሚስታቸውን እጅ ይዘው «ኤሜሬንቲያ፣ እኔ እኮ አንቺን...» ብለው ጀመሩ። «ገባኝ፣ ገባኝ፤ አይድከሙ» አሏቸው። ቄሱም እንደ ልማዳቸው እሺ አሉ፤ ዐረፉ። ምን ሊሉ እንደነበር ወይዘሮ ኋላ ብዙ ጊዜ አስበው አላገኙትም።

ያኔ የቄስ ቤት የቤተ ክርስቲያን ነው። ቄስ ሲሞት መበለቷ አንድ የምሕረት ዓመት ትቀመጣለች። ከዚያ ወይ ትወጣለች፣ ወይ ተተኪው ቄስ እሷን አለዚያም ልጇን አግብቶ ቤቱን ከነምድጃው ይረከባል። ደብር ፈላጊ ወጣት ቄሶች ወጉን ያውቁታል፤ ለፈተና ስብከት ሲመጡ ከመሠዊያው በፊት የሚያዩት መበለቲቱን ነው።

የመጡልን ቄስ ኤልያስ ሃሌኒየስ ቀጭን፣ ዓይነ አፋር፣ ሰው ሲያያቸው የሚንተባተቡ ነበሩ። ወይዘሮ ፊት አንድም ነገር ጀምረው ጨርሰው አያውቁም። የወይዘሮ ልጅ ብሪታ ሱፍ ስታበጥር አጠገቧ ሲቀመጡ ግን ምላሳቸው ይፈታል። ብሪታ ከእንዲህ ያለች እናት ጋር አድጋ ዝም ብሎ መስማትን ተምራለች። መንደሩ ሁሉ ነገሩን አወቀ፤ ሠርጉን እያሰበ ቢራ ጠመቀ።

ወይዘሮም አውቀዋል። ግን ብሪታ የቤቱ እመቤት ስትሆን የቁልፉ ዘለበት ከእሳቸው ወገብ ወደ እሷ ወገብ ይዞራል፤ ለእሳቸው የሚቀረው የጓሮው ትንሽ ክፍል ነው። ዕድሜ ልካቸውን ያዘዙበት ማጀት ለመግባት ፈቃድ ሊጠይቁ! ይህን ባሰቡት ቁጥር እጃቸው ወደ ቁልፉ ይሄዳል።

ቄሱ እንደ ወጉ ደወል ደዋዩን ትሩልስን ሽማግሌ አድርገው ላኩ። ትሩልስ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ጨብጦ ቆመ። ብሪታ መስኮቱ ጋ ሱፏን ታበጥራለች።

«እመቤቴ፣ ቄስ ሃሌኒየስ ልከውኝ ነው። እንግዲህ በአገራችን ወግ፣ ከዚህ ቤት ለትዳር የሚፈልጉት...» አለና ዓይኑ ወደ መስኮቱ ሄደ።

«ገባኝ፣ ገባኝ!» አሉ ወይዘሮ። «እሺ ብለዋል በላቸው። በዕድሜ ብበልጣቸውም ቤቱን አውቀዋለሁ።»

ትሩልስ ባርኔጣውን እንደጨበጠ ወደ በሩ አፈገፈገ። የብሪታ እጅ ትንሽ ቆመና ወደ ሥራው ተመለሰ።

«ምን ብለህ ነው የነገርካቸው አንተ ሰው?» ቄሱ ጮኹ።

«እኔማ ምን አልኩ? ምንም ሳልል እኮ ነው የተስማሙት!»

«ተመለስና አስተካክለዋ!»

«እኔ? እርስዎ ይሂዱ እንጂ፤ ሰባኪው እርስዎ ነዎት።»

ሄዱ። ከደጃፍ «ወይዘሮ፣ የትናንቱ ነገር...» ከማለታቸው «ገባኝ፣ ገባኝ፤ ሠርጉ ከመከር በኋላ ይሁን» ተባሉ። መበለትን በመንደር ፊት አልፈልግሽም ብሎ ማዋረድ ደግሞ እንደ እሳቸው ላለ ለስላሳ ሰው አይሆንም። ተጋቡ። ብሪታ የሠርጉን የአይብ ኬክ ጋገረች፤ በማግስቱ ቬክሾ ከተማ ወርዳ ከአንድ ቆዳ ፋቂ ቤት ተቀጠረች። እዚያው ቀረች።

ቄስ ኤልያስ ክፉ ባል አልነበሩም። ሚስታቸውን አንቱ እንዳሉ ኖሩ። ብቻ ከዚያ ወዲያ በቤታቸው ውስጥ ንግግር አልጀመሩም፤ ማዕድ ላይ ጨው እንኳ የሚጠይቁት በእጃቸው አመልክተው ነው። ወይዘሮ የሚጨርሱት አጡ። ሾርባቸውን እየጠጡ ትሩልስ የመጣባትን ቀን ደግመው ደጋግመው ያዩዋታል፤ ቁልፉ ወገባቸው ላይ ይከብዳቸዋል። ከእንደዚያ ያለ ጸጥተኛ ማዕድ የከፋ ቅጣት ያለ አይመስለኝም።

ከዓመታት በኋላ ቄስ ኤልያስ ለሚሞት ሰው ቁርባን ሊያደርሱ መቅለጥ በጀመረ በረዶ ላይ ሄደው፣ ብርድ መታቸውና እሳቸውም ተከተሉት። ተተኪው ቄስ ከነሚስታቸው መጡ። እኚህ አዲሷ የቄስ ሚስት ጨዋ ናቸው፤ እስክንጨርስ ፈገግ ብለው ያዳምጡናል። እኛ ግን መጨረስ የት ለምደን! ጀምረን፣ ደጃፋቸው ላይ ባርኔጣችንን እያሻሸን እንቀራለን። እውነቱን ልናገርና፣ ወይዘሮ ኤሜሬንቲያ ናፍቀውናል።

የምሕረቱ ዓመት አልቆ ወይዘሮ ከቤቱ የወጡ ዕለት፣ ወደ ቬክሾ ልትወስዳቸው ብሪታ ጋሪ ይዛ መጣች። ፀጉሯ ሸብቷል። ሁለቱ አንሶላ እያጣጠፉ ሳለ የወይዘሮ እጅ ቆመ።

«ብሪታ፣ ያኔ ትሩልስ የመጣ ቀን... እኔ እኮ...» አሉና፣ እንድትጨርስላቸው ልጃቸውን አዩ።

«አንቺ እኮ ምን?»

«ታውቂዋለሽ።»

«አላውቀውም እማዬ። ይሄን ራስሽ ጨርሺው።»

ወይዘሮ አንሶላውን ደረታቸው ላይ አቀፉት። «ዓይኑ ወዳንቺ ሲሄድ አይቼዋለሁ» አሉ። «አንቺን ሊል መሆኑን አውቄ ነው ያቋረጥኩት።»

ብሪታ ሌላ አንሶላ አንስታ ብቻዋን አጠፈች።

«እኔም መስኮቱ ጋ ነበርኩ» አለች በመጨረሻ። «‹እማዬ፣ አስጨርሺው› ማለት ምን ያቅታል? አቃተኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የምጣላው ከአንቺ ጋር ብቻ አይደለም።»

ወይዘሮ ኤሜሬንቲያ «ገባኝ፣ ገባኝ» አላሉም። ሌላ የምትለው ካለ ብለው ጠበቁ።