መቼ ትጀምሪያለሽ?

ና ግባ፣ ከኋላ ወንበር ላይ ዝናቡ አያገኝህም። አሁን ከባጃጄ ወርዳ እዚያ ግቢ የገባችውን ልጅ አየሃት? የሺ ናት። ፊቴ ለምን እንደጠቆረ ልንገርህ።

ሰው ምክር ሲሰጡት ይሸሻል፤ ጥያቄ ሲጠይቁት ግን ይሰለፋል። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። በዚህ በማርቆስ ባጃጅ ተራ የመካሪነቱን ወንበር ይዤ የኖርኩት እኔ ነበርኩ። ከሚስቱ የተጣላ፣ ከአለቃው የተኳረፈ፣ አዲስ አበባ ልሂድ ልቅር የሚል ሁሉ እኔ ጋ ነበር የሚመጣው። ሰውየው ተናግሮ ሳይጨርስ ምክሬ ይደርሰዋል። ትዳሩ ቢፈርስስ? እሱ የእኔ ሥራ አይደለም።

ከዚያ ሙሉቀን መጣ። ከሙሉቀን ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን ተምረናል፤ እኔ ትምህርት ቤቱን ለቅቄለት ስወጣ እሱ እዚያው ቀረ። አሁን የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ባሕር ዳር ሥልጠና ገብቶ «ኮቺንግ» የሚባል ነገር ይዞ ተመለሰ። ነገሩ ምን መሰለህ? አራት ጥያቄ ነው። ምን ትፈልጋለህ? አሁን ነገሩ ከምን ደርሷል? ምን ምን መንገድ አለህ? መቼ ትጀምራለህ? በቃ። መምከር ክልክል ነው። ጠያቂው ዝም ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። ራስ መነቅነቅማ ግድግዳችን ላይ ያለው እንሽላሊትም ይችላል።

ሰው ግን ወደ እሱ ጎረፈ። አንዱ የተራችን ልጅ፣ ሙሌ እኮ ራሴን እንዳዳምጥ አደረገኝ አለኝ። እኔ ስንት ዓመት ስጮህበት ኖሬ የሚያዳምጠው ራሱን ነው?

ይህንንም ቻልኩት። ያልቻልኩት የየሺን ነው። የሺ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ኮፒ ቤት ትሠራለች፤ ከሥራ ስትወጣ የማደርሳት እኔ ነኝ። ለሰው ሁሉ «ሂድና ንገራት» ስል የኖርኩት ሰውዬ ለእሷ አንድ ቃል መተንፈስ አቅቶኛል። በቀደም ሙሉቀን ቢሮ ሆና ስትስቅ በመስኮት አየኋት። ጥያቄ ያስቃል እንዴ?

ስለዚህ አራቱንም በቃሌ ያዝኩ። ስምንተኛ ክፍል እያለሁ እንዲህ ባጠና ኖሮ ዛሬ ዶክተር ነበርኩ።

ቅድም ዝናቡ ሲበረታ ዳር ይዤ ቆምኩና፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ምን ትፈልጊያለሽ አልኳት። የልቤን የምነግረው ሰው አለ አለችኝ። ማነው ልል ነበር፤ ዋጥኩት፣ ደንቡ አይፈቅድማ። ነገሩ ከምን ደርሷል ስላት፣ ቁጭ ብዬ እያወራሁት እንኳ አይገባውም አለች። ባጃጁን ዞር ዞር ብዬ ቃኘሁ፤ ቁጭ ብላ የምታወራው ከእኔ በቀር ማንም የለም። ምን መንገድ አለሽ አልኩ፣ ድምፄ ቀጥኖ። ሰው ብልክ አፍራለሁ፣ ብጽፍ እጄ እሺ አይለኝም፣ ራሴ ብነግረው ይሻላል አለች። ራሴን ነቀነቅኩ። እንሽላሊቱ ቢያየኝ ይኮራብኝ ነበር።

መቼ ትጀምሪያለሽ? አልኩና ኮሌታዬን አስተካከልኩ።

አሁኑኑ አለች። በል ሙሉቀን ቤት አድርሰኝ አለች።

ምን ላድርግ? አደረስኳት። በሩን አንኳኩታ ሳይከፈትላት ወደ እኔ ተመልሳ ስትሮጥ ሐሳቧን የለወጠች መሰለኝ። ጎንበስ ብላ እንዲህ አለችኝ፦

«ወንድሜ፣ በመጠየቅ እንኳ ከሙሌ አንተ ትሻላለህ። እሱ ሲጠይቀኝ እኮ አራተኛው ላይ ደርሼ አላውቅም።»