የደቂቃ ፈቃድ፣ የሳምንት ጸሎት

ሐበሻ ያልተለቀሰበትን ቪዛ አያምንም። አትቆጡኝ፣ ራሳችሁን ጠይቁ። ኤምባሲ በር ላይ ያልተሰለፍንበት፣ ከመስታወቱ ኋላ የተቀመጠው ሰውዬ ላብ በላብ ያላደረገን ወረቀት ምኑ ወረቀት ነው?

እናቴ የዚህ እምነት ሊቀመንበር ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለንደን ያለችው አክስቴ ልጇን ልትድር ነው። እማዬና አክስቴ፣ አንዷ ወደ ሲያትል አንዷ ወደ ለንደን ከተበተኑ ወዲህ የተያዩት በስልክ ቪዲዮ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን አክስቴ ካሜራውን ወደ ጣሪያ ስለምታዞረው፣ እማዬ አጥርታ የምታውቀው የእህቷን አምፖል ነው። ሶ፣ ይህ ሰርግ አይቀርም። እማዬ ደግሞ ብቻዋን አውሮፕላን አትሳፈርም፤ እኔ ከቀረሁ እሷም ቀረች።

ሁለታችንም የአሜሪካ ፓስፖርት ስላለን እንግሊዝ ለመግባት ቪዛ አያስፈልገንም። የሚያስፈልገን የኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ ነው። ማለትም... ቪዛ ለማያስፈልገው ሰው የሚያስፈልግ፣ ቪዛ ያልሆነ ቪዛ። እኔን አትዩኝ፣ እኔ አላወጣሁትም።

ሰኞ ከሥራ ስገባ እማዬ የቤተ ክርስቲያን ሱፏን ለብሳ ጠበቀችኝ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ፌስታል ሙሉ ማስረጃ ተደርድሯል፤ የጋብቻ፣ የባንክ፣ የክትባት፣ የድሮ የቀበሌ መታወቂያዋ ሳይቀር።

«ምን ሆነሽ ነው የለበስሽው?»

«ኢንተርቪው አይደል?»

«በስልክ ነው ብዬሻለሁ እኮ።»

«በስልክም ቢሆን ያዩኛል።»

እዚህ አገር እንግሊዝኛ የገባው የሐበሻ ልጅ የቤተሰቡ ጠበቃ፣ ጸሐፊና አስተርጓሚ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ማቆሜን ማንም አይጠይቀኝም። ፓስፖርቷን ስካን አደረግኩ፣ ፊቷን ፎቶ አነሳሁ፣ ጥያቄዎቹን መሙላት ጀመርኩ። በቀላሉ እየሄደልኝ ሳለ አንዱ ጋ ስንደርስ ቆምን።

«በወንጀል ጥፋተኛ ተብለሽ ታውቂያለሽ ወይ ይላል። አይ ልበል?»

«ቆይ እንጂ። ጥፋት የሌለበት ሰው አለ እንዴ?»

«እማዬ፣ ስለ ነፍስሽ አይደለም የጠየቁት። ስለ ፍርድ ቤት ነው።»

«ዋሽቼማ የእህቴን ፊት አላይም። ታኮማ ላይ ቀይ መብራት የጣስኩትስ?»

«እሱ አይቆጠርም።»

«ላንቺ ነው የማይቆጠረው።»

«አይ» የሚለውን ነካሁና ላክሁት። ሻይዋ ሳይበርድ ኢሜይል መጣ። ተፈቅዷል።

እልል ትላለች ብዬ ስጠብቅ ፊቷ ጠቆረ።

«አርብስ?» አለች።

«አርብ ምን አለ?»

«ለቤተ ክርስቲያን እህቶች የአርብ ጸሎት ርዕስ አድርጌ ሰጥቻለኋ። እህት አስቴር ልትጾምልኝ ነው።»

«መልሱ መጣ በያቸዋ።»

«ሳይጸለይ እንዴት ይመጣል?»

እንግዲህ መልስ ስጡ! ዋሽታ የእህቷን ፊት የማታየው ሴትዮ እስከ አርብ ትንፍሽ እንዳልል አስማለችኝ። «ዝም ማለት ውሸት አይደለም» ብላ ደግሞ ሕግ አወጣች።

አርብ ማታ ማውንትሌክ ቴራስ፣ እህት አስቴር ቤት አደረስኳት። የጸሎት ቡድኑን የሚመሩት እሳቸው ናቸው። ሳሎኑ ሙሉ እናቶች ተንበርክከው፣ እሳቸው በዕንባ «የቆንስሉን ልብ አለስልስልን» ሲሉ፣ «እትዬ፣ ቆንስል የለም፣ ኮምፒውተር ነው» ልላቸው አፌ ላይ ደረሰ። እማዬ ክርኗን ጎኔ ውስጥ ተከለችው። አሜን አልኩ።

የጉዞው ቀን ሲታክ፣ የሲያትል ኤርፖርት ደረስን። መቼም እኔ እዚያው ኤርፖርት ዊልቸር ገፊ ነኝ። ለንደን የሚሄድ ሐበሻ ባየሁ ቁጥር «ፈቃድ አውጥተዋል? ያለሱ አያሳፍሩዎትም» እያልኩ የማስተምር እኔ ነኝ። ደረቴን ነፍቼ ሁለቱን ፓስፖርት ለሠራተኛዋ ሰጠኋት።

የእማዬን ነካ ነካ አድርጋ «ኦኬ» አለች። የኔን መታች። ደግማ መታች።

«ያንቺ ፈቃድ አይታየኝም።»

«አለኝ እኮ፣ ኢሜይሉ ይኸው» ብዬ ስልኬን ከፈትኩ። ኢሜይሉ አለ። ስሙ የእማዬ ነው።

ያን ሰኞ ፈቃዱ በኔ ኢሜይል ሲመጣ ልቤ የሁለታችን አድርጎ ቆጥሮት ኖሯል። ለራሴ አልሞላሁም! ጎን ቁሙ ተባልን። መመዝገቢያው ሊዘጋ ጥቂት ቀርቶታል።

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» አለች እማዬ፣ ለኔ ሳይሆን ለሻንጣው።

ስልኬ ላይ መሙላት ያዝኩ። አፑ ፊቴን አልቀበልም አለ። አብሮኝ የሚሠራው አብርሽ ባዶ ዊልቸር እየገፋ ሲያልፍ አየኝና «ሊዱ፣ ፊትሽ ልክ አይደለም፤ ተቀመጪና ልግፋሽ?» አለኝ። ዊልቸሩ ላይ ተቀምጬ ፎቶ ተነሳሁ። የሚገርመው እሱን ተቀበለው። ላክሁ። ሠራተኛዋ ሰዓቷን አየች።

«እማዬ፣ ካልመጣ ብቻሽን ሂጂ። እዚያ አክስቴ ትቀበልሻለች።»

«ካንቺ ውጭ የትም አልሄድም።»

በኔ ዝርክርክነት እህቷን በአምፖል ልታስቀር ነው።

«እሺ፣ እህት አስቴር ጋ ኮል አድርጊና ያስጸልዩልና» አልኳት። እኔ እንዲህ እላለሁ ብሎ ማን ያስብ ነበር?

እማዬ ሻንጣው ላይ ተመቻችታ ተቀምጣለች። «ተጸልዮ የለም እንዴ?»

«ያ ላንቺ ነበር።»

«የኔማ ሰኞ አልቋል። የአርቡ ታዲያ የማን ይመስልሻል?»

ስልኬ እጄ ላይ ነዘረ። ተፈቅዷል። ሠራተኛዋ ሻንጣችንን እያነሳች ፈገግ አለች፤ እማዬ ግን ምንም አልመሰላትም፤ ቀድሞ የተከፈለ ዕቃዋን እንደተረከበች ሴትዮ ጫማዋን ልታወልቅ ወደ ፍተሻው ሄደች።

ይህን የምጽፍላችሁ ከአክስቴ ሳሎን፣ አምፖሉ ሥር ሆኜ ነው። እህትማማቾቹ ከተገናኙ ጀምሮ እንቅልፍ የለም፣ ወሬ ነው። ትናንት ለእማዬ «ወደ ሲያትል ለመመለስ ምንም ፈቃድ አያስፈልገንም፣ አገራችን ነው» ብላት ቀና ብላ አየችኝ።

«ቢሆንም» አለች፣ «ለእህት አስቴር ነግሬያቸዋለሁ።»

በዚህኛው አልተከራከርኩም። ስሜን አስገብታ እንደሆነ ብቻ ጠየቅኩ።