ጋሼ ያኛውስ

በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም፤ ቴሌቪዥን ከማየት ይልቅ ከቴሌቪዥን ጋር የሚጣላ ሰው። አንዱ ከዳኛው ጋር ይጣላል፣ ሌላው ከአየር ትንበያው ጋር። የእኛ ሰፈር ሰው ግን የሚጣሉት ከካሜራው ጋር ነው።

እሳቸው ልብስ ሰፊ ናቸው። ሰፈሩ «ጋሼ ያኛውስ» ይላቸዋል፤ ምክንያቱም ሰው ሁሉ ወደ አንድ ሰው ዞሮ ሲያጨበጭብ፣ ክቡርነታቸው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው «ጥሩ። ያኛውስ?» ይላሉ። ጎል ሲገባ፣ ለአቀባዩ ማን እንዳቀበለው ይጠይቃሉ። ፊልም ላይ ጀግናው የሰው መኪና ነጥቆ ሲያመልጥ እኛ ትንፋሻችንን ውጠን እናያለን፤ እሳቸው «ባለመኪናው አሁን በምን ቤቱ ይገባል?» እያሉ እስከ መጨረሻው ይብሰከሰካሉ። የፋርማሲዋ እመቤት ሁለተኛ ልጇን የወለደች ጊዜ፣ ጠያቂው ሁሉ ሕፃኗን ለማየት ሲጋፋ ጋሼ በቀጥታ ጥግ ላይ አኩርፎ ወደተቀመጠው ታላቅ ወንድሟ ሄደው ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሰፉትን ኮፍያ አጠለቁለት። ልጁ ኮፍያውን ለሦስት ሳምንት አላወለቀም ይባላል። እናቱ አራት ነው ትላለች።

እኔ ተኳሻቸው ነኝ። ከሱቁ በስተኋላ፣ ከመጋረጃ ጀርባ፣ ካውያ ይዤ አሥራ ስምንት ዓመት ቆሜያለሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን ከጠባያቸው አንዷን ብቻ አልወደድኳትም። ደንበኛው አዲሱን ኮት ለብሶ፣ መስታወት ፊት ዞር ዞር ብሎ፣ «ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ!» ሲል፣ እሳቸው «ያኛውስ?» ይሉና መጋረጃውን ቧ አድርገው ይከፍቱታል። እኔ በካናቴራ፣ እንፋሎት ውስጥ፣ ላቤ በአፍንጫዬ እየተንጠባጠበ ብቅ እላለሁ። ደንበኛው ኮቱን ይቆልፍና ይፈታል። እኔ ካውያዬን አያለሁ። ጤና ይስጥልኝ እንባባላለን፤ መጋረጃው ይዘጋል።

«ጋሼ፣ ይሄን ነገር ቢተዉኝ ምናለበት?» ብዬ ስንቴ ለምኛቸዋለሁ።

«አንተ ዝም ብለህ ተኩስ» ይሉኛል።

ወደ ሱቃችን ቴሌቪዥን ልምጣ። ቴሌቪዥኑን ጥሎልን የሄደው ሰፈር የለቀቀ ደንበኛ ነው። ድምፁ ሞቷል፤ ቻናሉም አንዱ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል፤ ያ ቻናል ደግሞ ከምሳ በኋላ ጎልፍ እንጂ ሌላ አያውቅም። በዚያ ሰዓት ሱቃችን የሕልም ቤት ይሆናል። የሜዳው አረንጓዴ በግድግዳው፣ በጨርቅ ጥቅሎቹ፣ በጋሼ ሽበት ላይ ይፈስሳል። ኳሷ ትነሣለች፤ መውረዷን እንጃ። የእኔም እንፋሎት ይነሣል፤ አንዳንዴ የትኛው ደመና ከሜዳው፣ የትኛው ከካውያዬ እንደሆነ ይምታታብኛል። ተራ የሚጠብቁት ደንበኞች ዓይናቸው እንደተገለጠ በሐሳብ ይነጉዳሉ። እኔ የማየው በመጋረጃው ክፍተት፣ በመስታወቱ ውስጥ ስለሆነ፣ ለእኔ የዓለም ጎልፍ ተጫዋች ሁሉ ግራኝ ነው።

ጋሼ ግን አይነጉዱም። በሁለተኛው ሳምንት ምርመራቸውን ጨርሰው ውሳኔውን አሰሙ።

«ይሄ ጨዋታ በጥንድ ነው። እስቲ ልብ ብለህ እይ፤ አንዱ ይመታል፣ ሌላው አጠገቡ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። ያኛው ሊመታ ሲል ካሜራው እልም! ወደ ሌላ ኮከብ።»

ልብ ብዬ አየሁ። እውነትም ባለ ነጭ ቀበቶውን ኮከብ ሲመታ ያሳዩታል፣ ሲራመድ ያሳዩታል፣ ውኃ ሲጠጣ፣ ጓንቱን ሲያወልቅ፣ መልሶ ሲያጠልቅ፣ ቆሞ ሲያስብ ያሳዩታል። አጠገቡ ያለው ሰውዬ ግን ወይ በግማሽ ትከሻው ነው የሚታየው፣ ወይ ከወገቡ በታች። ጋሼ የለዩትም በሱሪው ነው። ሰፊ፣ ፋሽኑ ያለፈበት፣ የግራ እግሩ እጥፋት ተተርትሮ ሣሩን የሚጠርግ ሱሪ። «ባለ ቦላሌው» አሉት፤ ከዚያን ቀን ጀምሮም የቤተሰብ ያህል ሆነ።

ሁለት ወር ሙሉ ባለ ቦላሌው ሲመታ ለማየት ጠበቅን። ጋሼ ስፒል በከንፈራቸው ይዘው፣ የደንበኛ እጅጌ ግማሽ ላይ ትተው፣ «አሁን! አሁን ተራው ነው!» ይላሉ። ካሜራው ይሄዳል። ጋሼም ስፒሉን ከአፋቸው አውጥተው «ግፍ ነው» ይላሉ።

በመጨረሻ ደብዳቤ ይጻፍ ተባለ። እሳቸው ተናገሩ፣ እኔ ጻፍኩ፤ ጽሕፈቴ ያምራል። «ለተከበራችሁ የቴሌቪዥን ጣቢያው ኃላፊዎች። ኮከቦቹን አታሳዩ አንልም። ውኃ ሲጠጡ ግን በበቂ ሁኔታ አይተናል። ለባለ ቦላሌውም ተራ ስጡት፤ ሲመታ አሳዩን።» ከሥሩም ማሳሰቢያ አስጨመሩ፤ «የግራ እግሩን እጥፋት የሚሰፋለት ሰው ይፈለግ።» ሠላሳ አንድ ሰው ፈረመ። ዳቦ ጋጋሪው፣ የፋርማሲዋ እመቤት፣ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ሳይቀሩ ፈረሙ። ዓርብ ፖስታ ቤት ሊገባ ተቆረጠ።

ሐሙስ ከሰዓት ጋሼ ክር ሊገዙ ወጣ ባሉበት፣ ሱሪ ሊያሳጥር አንድ ሾፌር መጣ። እግሩን እየለካሁለት ቀና ብሎ ቴሌቪዥኑን አየና ፈገግ አለ። የጎልፍ ሜዳ ወዳለው ሆቴል ለዓመታት እንግዳ አመላልሷልና ጨዋታውን ያውቀዋል። እኔም ኩራት ቢጤ ተሰምቶኝ የባለ ቦላሌውን በደል አጫወትኩት።

«የቱ? ይሄ? እሱ እኮ ተጫዋች አይደለም» አለኝ። «ቦርሳ ተሸካሚው ነው። የዱላውን ቦርሳ ይሸከምለታል። ሁሉም አንዳንድ አላቸው።»

ሜትሩ ከእጄ ወደቀ። አሁን ሳየው፣ በዚያ በግማሽ ትከሻ ላይ ሁልጊዜ አንድ ማሰሪያ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ የጃኬት ጌጥ መስሎን ነበር።

ያን ቀን ካውያው እጄ ላይ ከበደኝ። የሰፈሩ ሳቅ አይደለም ያስፈራኝ፤ ሰፈሩ በጋሼ ሲስቅ ኖሯል፣ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ። የፈራሁት ሌላ ነው። ሠላሳ አንድ ሰው አስፈርመው በአደባባይ ከተሳሳቱ በኋላ፣ ዳግመኛ ያችን ጥያቄ የሚጠይቁበት አፍ ባያገኙስ? «ያኛውስ?» የማይሉ ጋሼ ሱሪ የሚያሳጥሩ ሽማግሌ ብቻ ናቸው። ያን ማየት አልፈለግሁም። እውነቱ ሳይነገራቸው ደብዳቤው ሄዶ በእንግዳ አፍ እንዲሳቅባቸውም አልፈለግሁም።

ሾፌሩ ሄደ፣ ጋሼ ክሩን ይዘው መጡ፣ እኔም መጋረጃውን ራሴ ገልጬ ወጣሁ። በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ እሳቸው ባሉበት በገዛ እጄ ስከፍተው የመጀመሪያዬ ነበር። አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው።

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። የስፌት መኪናው ላይ እጃቸውን ጭነው ቴሌቪዥኑን ተመለከቱ። አረንጓዴው ፊታቸው ላይ ይመላለሳል።

«ቦርሳው ይከብዳል?» አሉ።

«ይከብዳል አሉ።»

«ስንት ሰዓት ይሸከማል?»

«አራት አምስት ሰዓት ይሄዳሉ አሉ።»

«ኮከቡ በየትኛው ዱላ እንደሚመታስ ማን ይነግረዋል?»

«አብረው ይመክራሉ አሉ፣ ጋሼ።»

«አብረው ይመክራሉ» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ታዲያ ይሄማ ካሰብኩት የባሰ ነው! በል ወረቀት አምጣ።»

አንዲት መስመር ብቻ ተቀየረች፤ «ሲመታ አሳዩን» የሚለው «ሲሸከም አሳዩን» ተባለ። ፊርማው ግን እንደገና መሰብሰብ ነበረበት። ጋሼ አልላኩኝም፤ ራሳቸው በየበሩ ዞረው «ተሳስቼ አስፈርሜያችሁ ነበር» አሉ። ዳቦ ጋጋሪው ከቅንድቡ ዱቄት እስኪረግፍ ሳቀ፣ ሳቁን ሳይጨርስም ፈረመ። ርእሰ መምህሩ ብቻ ክብሬ ተነካ ብለው ቀሩ። ጋሼ ሲመለሱ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት።

«አንተ በመጀመሪያውም አልፈረምክም።»

«እኔማ ጻፍኩት እኮ፣ ጋሼ።»

«አውቃለሁ። ከላይ ቦታ ትቼልሃለሁ።»

እውነትም ከሁሉም በላይ፣ ከራሳቸው ፊርማ በላይ፣ ባዶ መስመር ነበር። ፈረምኩ፤ ጽሕፈቴ እንደሌላው ጊዜ አላማረልኝም።

ከጣቢያው መልስ አልመጣም። ደብዳቤው ይድረስ አይድረስም አናውቅም። ብቻ ከወር በኋላ፣ ደንበኞቹ በነጎዱበት ሰዓት፣ ካሜራው ባለ ነጭ ቀበቶውን ኮከብ ተከትሎ ሲሄድ አንድ አፍታ ዘገየ። ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው። ባለ ቦላሌው ቦርሳውን በትከሻው ይዞ፣ ፊቱን ለመጀመሪያ ጊዜ እያሳየ፣ በሣሩ ላይ ወደ እኛ መጣ። ሽበታም ሰው ነው፤ ረጋ ብሎ ነው የሚራመደው። የግራ እግሩ እጥፋት ተሰፍቷል።

«ሰፍተውለታል» አሉ ጋሼ።

መስታወቱ ፊት ደግሞ አንድ ሙሽራ አዲሱን ሱፉን ለብሶ ቆሟል። ዞረ፣ ትከሻውን አየ፣ «ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ!» አለ። ጋሼ አልሰሙትም፤ ዓይናቸው ሣሩ ላይ ነው። ሙሽራው ኪሱን ማስተካከል ጀመረ። እኔ ከመጋረጃዬ ጀርባ ካውያዬን ይዤ መጋረጃው እስኪከፈት ጠበቅሁ፤ ላቤን በክንዴ ጠረግሁ፣ ካናቴራዬን ወደታች ሳብ አደረግሁ፤ መጋረጃው ግን አልተከፈተም።

ከዚያ ጮክ ብዬ ሳልኩ።