ዳንግላ ሳለሁ የካሮት ገበሬ ነበርኩ

ስለ እርሻ አብዝቶ የሚያውቅ ማን ነው ብትሉኝ፣ ሞፈር ጨብጦ የማያውቅ ሰው ነው እላችኋለሁ። ገበሬ ስለ እርሻ ብዙ አያወራም። ሰማዩን ቀና ብሎ ያያል፣ ከአፈሩ ቆንጠር ያደርጋል፣ «እስቲ እግዜር ያውቃል» ይላል፤ አለቀ። እንደ እኔ ያለው፣ ዕድሜውን በብዕርና በቀለም ብልቃጥ መካከል የፈጀ ሰው ግን ስለ ዝናቡም፣ ስለ አፈሩም፣ ስለ ዘሩም አስተያየት አለው። አስተያየት ደግሞ ዝናብ ሳያገኝ፣ ፍግ ሳይሻ በበጋም በክረምትም የሚበቅል አትክልት ነው። ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው፤ ያውም ሚስቴን ላጣ አንድ ሐሙስ ሲቀረኝ።

ጊዜው በንጉሡ ዘመን፣ እኔ ገና ጢሜ በወጉ ሳይወጣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ዳንግላ የተመደብኩ ሰሞን ነው። ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ማርቆስ ከተማ፣ የቅኔ መምህር ቤት ውስጥ ነው። እኛ ቤት እህል የሚታወቀው ተፈጭቶ ሲመጣ ነበር። ዳንግላ በመጣሁ በዓመቱ ግምጃ ቤት የሚባለውን አገር ገበሬ የአቶ እንየውን ልጅ ጥሩዓለምን አገባሁ። አገባሁ ስላችሁ በቀላሉ የሰጡኝ እንዳይመስላችሁ። አቶ እንየው ሽማግሌዎቼን ሦስት ጊዜ መልሰዋቸዋል። በአራተኛው፣ «እሺ ይውሰዳት። ግን በብዕር የሚያርስ ሰው ቤት ጎተራ የለም። ክረምቱ ሲወጣ መጥቼ አያለሁ። ልጄ እፍኝ እህል ሳይቀር ከገበያ እየሸመተች የምትኖር ከሆነ ይዣት እመለሳለሁ» አሉ። ሽማግሌዎቹ ይህን ሲነግሩኝ ይስቁ ነበር፤ እኔም ሳቅኩ። ጥሩዓለም ግን አልሳቀችም። አባቷን ታውቃለቻ።

ሐምሌ ሲገባ ነው ሳቁ ከእኔም ላይ የለቀቀው። ደመወዜ ከወር ወር እየተንገዳገደች የምትደርስ ነበረች፤ መሬት የምገዛባት አይደለችም። ያለኝ ከተከራየሁት ቤት ጀርባ ያለው ጓሮ ነው፤ ሁለት ቁርበት ቢዘረጋበት ሦስተኛው ቦታ አያገኝም። ቢሆንም አማቼ ሲመጡ ከገዛ መሬቴ የበቀለ አንድ ነገር ማየት አለባቸው አልኩ። ምን ልዝራ? ጎመን እንዳልል፣ ጎመን የማይዘራ ማን አለ? ደግሞም ጎመን ዘርቼ ግምጃ ቤት ከተወለደ ሰው ፊት ብቀርብ ቅጠሉን እያገላበጠ ጉዴን ያወጣዋል። ስለዚህ አንድ ብልኅ ሐሳብ መጣልኝ፤ አማቼ አይተውት የማያውቁትን ነገር መዝራት። የማያውቁትን ነገር እንዴት አድርገው ይነቅፉታል?

የገበያው ባለ ሱቅ ሐጂ ከድር ለዚህ ሐሳቤ መልስ ነበራቸው። ለሁለት ክረምት ገዢ ያጣ፣ ካሮት የተሳለበት የዘር ከረጢት ከመደርደሪያቸው አውርደው አቧራውን እፍ አሉና፣ «የሠርግህ ስጦታ ይሁን፤ ከዚህ ቢሄድልኝ ለእኔም ደስታ ነው» አሉኝ። አዘራሩን ደግሞ ከመሥሪያ ቤታችን መደርደሪያ ላይ ካገኘሁት አንድ የእርሻ ምክር ወረቀት አነበብኩ። ወረቀቱ «ቡቃያው በመጀመሪያ እንደ ሣር የቀጠነ ነው፤ ለምግብ የሚሆነው ክፍል ከመሬት በታች ያድጋል» ይላል። ቀጥሎ ምን እንደሚል አይጥ ታውቃለች፤ ሁለተኛውን ገጽ ራቷ አድርጋዋለች። እኔ ግን ግማሽ ወረቀት ላነበበ ሰው የሚገባውን ኩራት ሁሉ ኮርቻለሁ።

ጥሩዓለምን ከጓሮው ዝር እንዳትይ አልኳት። አባቷ ማየት ያለባቸው የእኔን የእጅ ሥራ ነዋ። እሷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትኮተኩት ያደገች ሴት ናት፤ እኔ ደግሞ በዚያው በእርሻ ነገር ዳኛ ሆኜ ተቀመጥኩባት። ፍግ ፍለጋ ጆንያ ይዤ ልወጣ ስል አንድ ነገር ብቻ አለች፤ «የፈረስ ፋንድያ ከሆነ በስብሶ ይክረም እንጂ ትኩሱን አታድርገው»። ለምን ብዬ እንኳ አልጠየቅኳትም። ትኩስ ነገር ከበሰበሰ ነገር እንደሚሻል ለማወቅ ገበሬ መሆን ያስፈልጋል?

ዳንግላ በጊዜው የጋሪ ከተማ ነበረች፤ ጋሪ ባለበት ፈረስ አለ፣ ፈረስ ባለበት ፋንድያ አለ፣ ያውም በነፃ። የመሥሪያ ቤት ኮቴን እንደለበስኩ ጋሪዎቹ ከሚቆሙበት ሄጄ ከፈረሶቹ ኋላ ጎንበስ ብዬ መሰብሰብ ስጀምር፣ ባለ ጋሪዎቹ ፍርድ ቤቱ ፋንድያውን ለኤግዚቢት የፈለገው መስሏቸው ደነገጡ። ለአትክልት ነው ስላቸው ከመደሰታቸው የተነሳ ራሳቸው ጭነው እደጄ ድረስ አመጡልኝ። የጋሪ ፈረስ ቀን ሙሉ ሲጎትት ውሎ ማታ ገብስ ሲሰጡት ሳያላምጥ እንደሚውጥ፣ ያልታኘከው ፍሬም በገባበት ቁመና እንደሚወጣ ያን ጊዜ የነገረኝ የለም። የሚነግረኝ ሰው ቤቴ ውስጥ ነበረች፤ እኔ ነኝ አፏን የያዝኩት።

በሳምንቱ ጓሮዬ አረንጓዴ ለበሰ። እንደ ሣር የቀጠነ፣ ልክ ወረቀቱ እንዳለው! እንዴት ያለ ደስታ ነበር መሰላችሁ። ልጅ የተወለደልኝ ያህል ነው የተሰማኝ። ከዚያ በኋላ ከቢሮ ስወጣ ጠጅ ቤት የለ፣ ጓደኛ የለ፣ በቀጥታ ወደ ካሮቴ ነው። በካሮቶቼ መካከል ግን ድንብላል የሚመስል፣ ቅጠሉ ብትንትን ያለ አንድ አረም ብቅ ብቅ አለብኝ። እኔ ደግሞ ከአረም ጋር ዕርቅ የማላውቅ ሰው ሆኜ ተገኘሁ። አንድ በአንድ እየነቀልኩ ለጎረቤታችን ፍየል በአጥር ላይ እወረውርላታለሁ። ሥሩ ቢጫ ነበር፤ ሽታውም ደስ ይላል። በእኔ መሬት አረሙ እንኳ ሽታው ያምራል ብዬ ተመካሁ።

ጥሩዓለም አንድ ምሽት በሩ ላይ ቆማ ስታየኝ ቆየችና ምን እየነቀልኩ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አረም አልኳት። እሺ ብላ ገባች። እንዲህ ያለች ታዛዥ ሚስት የሰጠኝን አምላክ አመሰገንኩ።

አማቼ የመጡት በእንቁጣጣሽ ማግስት ነው። ፈረሳቸውን ደጅ አስረው ገቡ፣ ተቀመጡ፣ የቀረበላቸውን በሉ፤ ዓይናቸው ግን ከማዕዘን ማዕዘን ጎተራ ይፈልግ ነበር። በመጨረሻ ተነስተው የዱቄቱን ዕቃ ከፈቱና፣ ከየት የመጣ እንደሆነ ልጃቸውን ጠየቋት። ከገበያ አለች፤ ምን ትበል? እሳቸው በአገውኛ አንድ ነገር አሏት፤ እሷም አንገቷን ደፋች። እኔ አገውኛ አልሰማም። ግን አባት የልጁን ነጠላ ከተሰቀለበት ሲያወርድ ምን እንዳለ ለመረዳት አስተርጓሚ ያስፈልጋል? ጥሩዓለምን ምን ያህል እንደምወዳት ያወቅኩት ያቺ ነጠላ ከግድግዳው ስትወርድ ነው።

«አባቴ፣ ይዘዋት ከመሄድዎ በፊት እባክዎ ጓሮዬን ይዩልኝ» አልኳቸው። ለመንገድ የፈቱትን ፈረስ እየሳቡ ተከተሉኝ። እዚያ ስንደርስ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ውሳኔ የሚያነብ ዳኛ መስዬ፣ ይህ ካሮት የሚባል የፈረንጅ አገር አትክልት መሆኑን፣ ላዩን ዓይተው እንዳይፈርዱ፣ ቁም ነገሩ ከመሬት በታች መሆኑን አስረዳኋቸው። አማቼ ጎንበስ ብለው ቡቃያውን በመዳፋቸው ዳሰሱት። እኔን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። እሷ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ መሬት መሬት ታያለች። በዚህ መሐል ፈረሱ አንገቱን ወደ ካሮቴ ዘረጋ። አማቼ ልጓሙን ሳብ አደረጉና፣ «ተው አንተ፣ የሰው ገብስ ነው» አሉት።

ገብስ? ቀና ብዬ አየሁት። ጉልበት ደርሶ ነፋስ ያወዛውዘዋል። አንዴ ስሙ ከተጠራ ወዲያ ገብስ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ሞኝ የተከለውን ብልኅ አይነቅለውም ይላሉ፤ እኔ ግን ራሴ ተክዬ ራሴ ስነቅል የከረምኩ ሞኝ ነኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አማቼ ግን ጓሮውን በዝግታ ዞሩት። «መልካም አርመኸዋል» አሉ። «እኔ ራሴ እንዲህ አላርመውም፤ የአረም ዘር የለበትም። እኔስ ልጄን ለጸሐፊ የሰጠሁ መስሎኝ ነበር»። ቀጥለው ያ ካሮት ያልኩት ነገር ምን እንደሆነ ጠየቁ። እኔ አፌን ስከፍት ጥሩዓለም ቀደም ብላ፣ «ቀልዱን እኮ ነው አባባ፤ የማርቆስ ሰው ጨዋታ ይወዳል» አለች። እሳቸው በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየኋቸው። ነጠላዋን መልሰው ሰጧት፣ ለከርሞ ዘር እልካለሁ ብለው መረቁንና በፈረሳቸው ሄዱ።

ከዓይናችን እስኪሰወሩ ጠብቄ ገብስ መሆኑን መቼ እንዳወቀች ጠየቅኳት። በበቀለ በሦስተኛው ቀን አለች። ያ ስነቅለው የከረምኩት አረምስ? ካሮትህ ሳይሆን አይቀርም አለች፤ ፊቷ ላይ ሳቅ አልነበረም። ያን ጊዜ ንዴቴ ገነፈለ። ታዲያ ሁለት ወር ሊሞላው ምን ቀረው፣ ባልሽ መሳቂያ ሲሆን እንዴት ዝም ትያለሽ አልኳት።

«ብነግርህ ትነቅለው ነበር» አለችኝ። «አንተ ገብሱን ብትነቅል፣ አባቴ እኔን ነቅሎኝ ይሄድ ነበር»።

እነሆ ሸመገልኩ፤ ያደገ ካሮት ከመሬት ሲወጣ ምን እንደሚመስል እስከ ዛሬ አላየሁም። ጥሩዓለም ግን ይኸው አጠገቤ ተቀምጣለች።