ሃያ ስድስተኛው ውሰት

ትናንት ከምሳ በኋላ የከተማችን ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ጋሽ ምንይችል ሕልም አዩ። ሕልም በቀን አይታይም የሚል ሰው ካለ እሳቸውን አያውቃቸውም፤ ሽሮ በልተው ወንበራቸው ላይ ደገፍ ካሉ እንኳን ሕልም ትንቢትም ያያሉ። የትናንቱ ግን ጭንቀት ያመጣው ነው።

የአዋላጅ ነርስ ተማሪዋ ስመኝ ስምንት ሰዓት ላይ ልትመጣ ነበር። በማግስቱ የመጨረሻ ፈተናዋ ነው፤ ከምታጠናበት መጽሐፍ ሁለት ምዕራፍ ቀርቷት ነበር። መጽሐፉ የወረቀት አይደለም፣ በኮምፒውተር የሚነበብ ነው። ባሕር ማዶ ያለው አሳታሚ ለቤተ መጻሕፍቱ ሲሰጥ ሁለት ነገር አስፈርሟል፤ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ይዋሰዋል፣ ሃያ ስድስት ጊዜ ከተዋሱት በኋላ ደግሞ ይጠፋል። ትናንት ጠዋት የቀረው አንድ ውሰት ብቻ ነበር። መጽሐፉ ሌላ ሰው እጅ ስለነበረና የዚያ ሰው ቀን የሚያበቃው ስድስት ሰዓት ላይ ስለሆነ ነው እንጂ ጠዋቱኑ በሰጧት ነበር። "አይዞሽ፣ ስምንት ሰዓት ነይ። የቀረችው አንዷ ያንቺ ናት" ብለው ሸኟት። ከዚያ ምሳቸውን በሉና አሸለቡ።

በሕልማቸው የቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ረጅም ሰልፍ ነበር። የተሰለፉት መጻሕፍት ናቸው። አንድ ወፍራም መዝገበ ቃላት ግድግዳ ተደግፎ ቆሎ ይቆረጥማል፤ ከኋላው የሒሳብ መጽሐፍ ፊቱን አኮማትሮ ቆሟል። ጋሽ ምንይችል ሰልፉን ጥሰው ሊገቡ ሲሉ መዝገበ ቃላቱ ክንዳቸውን ያዘ።

"የየትኛው መደርደሪያ ነዎት?"

"እኔ የዚህ ቤት ኃላፊ ነኝ።"

"ኃላፊ ታችኛው ነው፤ አቧራው አጠገብ።"

ውስጥ ሲገቡ የከተማው ሰው ሁሉ መደርደሪያው ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ማጅራቱ ላይ ስንት ጊዜ እንደተነበበ ተለጥፎበታል። የተደረደረው በእናቱ ስም ስለሆነ፣ በውርስ ቤት የተኳረፉት ሁለት እህትማማቾች ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀዋል። መጻሕፍቱ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሰው ያነባሉ። አንድ ቀጭን የግጥም መጽሐፍ ፖስተኛውን እያነበበ ያለቅሳል። የጋሽ ምንይችልን ባለቤት ወይዘሮ አስካለን የተዋሰቻቸው የምግብ አሠራር መጽሐፍ ናት።

"ሦስት ሳምንቴ ነው፣ ገና መግቢያቸውን አልጨረስኩም" አለች።

"እኔም በሠላሳ ዓመት አልጨረስኳትም" አሉ ጋሽ ምንይችል።

ጥግ ላይ አራት ልጆች ወረፋ ይዘዋል።

"ምን ትጠብቃላችሁ?"

"እናታችንን" አለ ትልቁ።

"ታዲያ አራታችሁም ሂዱና ሳሟት!"

"አይቻልም ጋሼ። በአንድ ጊዜ የአንድ ልጅ እናት ብቻ ናት። ለእኔ የሚደርሰኝ በመስከረም ነው፤ ለትንሿ ለፋሲካ።"

እናቲቱ ከመደርደሪያው ላይ ሁሉንም ትሰማለች፤ ዞር ማለት ግን አልተፈቀደላትም። ጋሽ ምንይችል ይህን ሕግ ያወጣው ማን እንደሆነ ጠየቁ፤ ወደ ራሳቸው ጠረጴዛ አመለከቷቸው።

ጠረጴዛው ላይ አንድ ጉሬዛ ነጭ ካባውን አንጠልጥሎ ተቀምጧል። ጨዋ ጉሬዛ ነው፤ ሲያያቸው ከመቀመጫው ብድግ አለ።

"ሰው የማሳትመው እኔ ነኝ" አለ። "አንድ ሰው ሃያ ስድስት ጊዜ ይነበባል፣ ከዚያ ይጠፋል። መልሳችሁ ከፈለጋችሁት እንደ አዲስ መወለድ አለበት።"

"ለምን ሃያ ስድስት ሆነ?"

"ሃያ ሰባት ብዙ ስለሆነ ነው።"

ይህን ሲል የግጥም መጽሐፉ ፖስተኛውን አንብቦ ጨረሰ። ሃያ ስድስተኛው ነበር። ፖስተኛው ከጫማው ጀምሮ ነጭ እየሆነ ወደ ላይ መጣ።

"አንተ! ምን እየሆንክ ነው?"

"ምንም አልሆንኩም ጋሼ። የእርስዎ ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ ነበር።"

ኪሱም ጠፋ።

ከሰልፉ መካከል ጋውን የለበሰ መጽሐፍ እየሮጠ ወጣ። የአዋላጅነት መጽሐፍ ነው። "ስመኝን አውሱኝ! ነገ ፈተና አለብኝ፤ ከእሷ ሁለት ምዕራፍ ይቀረኛል።"

"ፈታኝህ ማን ነው?"

"ገና አልተወለደም። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ይወለዳል። አውቄ ካልተቀበልኩት መሬት ይወድቃል፤ እኔም እወድቃለሁ።"

ጋሽ ምንይችል ቀና ብለው አዩ። ስመኝ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ቆማለች፤ ማጅራቷ ላይ ሃያ አምስት ይላል። ካዋሷት ትጠፋለች፣ ካላዋሷት ሕፃኑ የሚቀበለው እጅ የለም። ወዲያ ቢሉ ገደል፣ ወዲህ ቢሉ ገደል ሆነባቸው። በስተርጅናቸው እንዲህ ያለ ፍርድ ስለወደቀባቸው አዘኑ፤ አፍረውም ነበር።

የቸገረው የአገሩ ሰው እንደሚያደርገው ሽማግሌ ላኩ። የተላኩት ሦስት አሮጌ የወረቀት መጻሕፍት ናቸው፤ ሽፋኑ የተገነጠለ ፊደል፣ ሰም የጠገበ ዳዊት፣ ግማሾቹ አገሮች ስማቸውን የቀየሩበት አትላስ። ይቅርታ ጠያቂ ድንጋይ ይሸከማል የሚለው ወግ እዚያም አለ፤ ድንጋዩ ግን ጀርባውን ስላመመው አራተኛ ሽማግሌ ሆኖ በእግሩ ሄደ።

"ስለ ፈጣሪ ብለህ፣ ለዚህች ልጅ አንዲት ጊዜ ጨምርላት" አለ ዳዊቱ።

ጉሬዛው ተነሥቶ እጅ ነሣ። "ሽማግሌ አላሳፍርም። ተቀብያለሁ።"

ጋሽ ምንይችል ደስ ብሏቸው ሊመርቁት እጃቸውን ዘረጉ።

"የተቀበልኩትን ግን አልመልስም" አለና አራቱም ሽማግሌዎች ላይ ቁጥር ለጥፎ መደርደሪያ ውስጥ ቆለፈባቸው።

ስመኝ ራሷ ወረደች። "ጋሼ፣ የውሰት ማኅተሙን ይምቱት። ልጁ እኮ እየመጣ ነው።"

"አንቺስ?"

"እኔማ አንድ ጊዜ እነበባለሁ።"

ማኅተሙን ለማንሣት ሞከሩ፤ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ከበዳቸው። እንደምንም አነሡትና "አልመታም! አልመታም!" እያሉ ጮኹ።

"ምኑን ነው የማይመቱት ጋሼ? ስምንት ሰዓት ሆነ እኮ!"

ስመኝ በሩ ላይ ቆማለች። ጋሽ ምንይችል ከወንበራቸው ተነሥተው ዞሩና ማጅራቷን አዩ፤ ምንም አልተጻፈበትም። "ተመስገን!" አሉ፤ ዐይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። "ነይ ተቀመጪ ልጄ። መጽሐፍሽ ዝግጁ ነው፤ አሁን እከፍትልሻለሁ።"

ኮምፒውተሩን ነኩት። "ለዚህ መጽሐፍ የተፈቀደው ሃያ ስድስት ውሰት አልቋል። መጽሐፉ ከቤተ መጻሕፍቱ ተነሥቷል" ይላል።

"ጠዋት አንድ ነበረ እኮ!" አሉ ጋሽ ምንይችል።

ስመኝ አጎንብሳ የተዋሾቹን ዝርዝር አነበበች። አሥራ ሁለቱ የሰዉ ስም ነው። አሥራ አራቱ ግን ምንይችል፣ ምንይችል፣ ምንይችል ይላል። የመጨረሻው ምንይችል ያን ዕለት ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው።

"ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ እርስዎ ነዎት?"

ጋሽ ምንይችል ሠላሳ ዓመት ሙሉ መጽሐፍ ለሰው ከማዋሳቸው በፊት አንድ በአንድ ገልጠው ገጹን ይቆጥራሉ። የተቀደደ መጽሐፍ ለሰው ሰጥተው አያውቁም፤ ኮምፒውተር መጣ ብለውም ወጉን አልተዉም፤ በስማቸው ተውሰው ይከፍቱና ይቆጥራሉ።

"ገጽ የጎደለው እንዳይደርስሽ ብዬ ነው እንጂ..."

"ለአሥራ ሁለት ሰው አሥራ አራት ጊዜ?"

"አንዱ የዛሬው ነው፣ ላንቺው። አንዱ ደግሞ ጣሪያው ያፈሰሰ ጊዜ ነው።"

ስመኝ ደብተሯን ዘጋች። "ለመሆኑ ጎድሎ ያውቃል?" አለቻቸው።

"ኧረ በጭራሽ!" አሉ ጋሽ ምንይችል። "አንዲት ገጽ እንኳ!"