ትምህርት የማትጠግበው ልጄ እድር ስትመጣ

ምግብ አልጠግብ ያለውን ሰው ሐኪም ያየዋል። ትምህርት አልጠግብ ያለውንስ ማን ይየው? እኛ ሰፈር ቁስቋም እንዲህ ያለች አንዲት አለች፤ የወለድኳትም እኔው ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ታስተምራለች፤ ዶክተር ከተባለች በኋላም ትማራለች። ከአራተኛ ክፍል ላቋረጥኩት ለእኔ ኢኮኖሚክስ ገንዘብ መቁጠር ይመስለኝ ነበር። ለካስ ሰውን በጥያቄ ማስጨነቅ ኖሯል!

ባለፈው እሑድ "እማዬ፣ አሁን የማጠናው እድርን ነው" ብላ ስብሰባችን ድረስ ተከተለችኝ። ዳኛችን ጋሽ ተካ ሳላቸው እንኳ ያስደነግጣል። እሷ እጇን አውጥታ ምን ብትል ጥሩ ነው?

"ሰው ከእድር ለምን አይወጣም?"

ቀሚሷን ጎተትኩ። በእሷ ጦስ ብባረር ማን ይቀብረኛል?

ጋሽ ተካ መነጽራቸውን አወለቁ። "ልጄ፣ አንቺ ስትሞቺ ማን ሊቀብርሽ አስበሻል?"

ጠላቷ ይሙት! እሷ ግን "በጣም ጥሩ መልስ ነው!" ብላ ፈነደቀች። ሰው ስለ ሞቱ ተጠይቆ እንዲህ ደስ ይለዋል?

ከዚያማ በቃ፣ ሁሉም ተናጋሪ ሆነ። አንዱ እናቱ የተቀበሩ ዕለት በዚያ ዝናብ ድንኳኑን ማን ደግፎ እንደዋለ ያወራል፤ ሌላዋ ሐዘን ላይ ሳለች ማን እንዳጎረሳት ትናገራለች። ስሙ ሲጠራ "አቤት" ብሎ ሹልክ የሚለው ሁሉ ፀሐይ አናት እስክትደርስ ንቅንቅ አላለም። ልጄም እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ አፍ አፋቸውን ታያለች።

ስንወጣ ጋሽ ተካ ጠሩኝ። አለቀልኝ አልኩ።

"አስካለ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ይህችን ልጅ ይዘሽ ካልመጣሽ ትቀጫለሽ!"

ሰው በቅጣት ዛቻ ይኮራል? እኔ እስከ ቤቴ ድረስ ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ።