«ጧ!» የጠፋበት የወይን ሱቅ

የተማረ ልጅ ሱቅ መውረስ የለበትም! የግድ ይውረስ ካላችሁ መሬት ይውረስ፣ በሬ ይውረስ... ሱቅ ግን አይውረስ። መሬት ዝም ብለው ቢተዉት ቢያንስ ሣር ያበቅላል። ሱቅ ግን የተማረ ሰው እጅ ከገባ «ይስፋፋል»። ይህን የምላችሁ መጽሐፍ አንብቤ አይደለም፤ በራሴ ደርሶብኝ ነው።

አባቴ ጋሽ ተክሌ ሸዋ ሮቢት ውስጥ፣ ከደሴው አስፋልት ዳር፣ ፀጉሩ እስኪሸብት ወይን ጠጅ ሲሸጥ ኖሯል። የወይን ሱቅ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳትጠብቁ። አንድ ባንኮኒ፣ አንድ የሚያቃስት ፍሪጅ፣ አንድ አባቴ። ደንበኛ ሲመጣ ጠርሙሱን ከፍሪጅ ያወጣል፤ የእንጨት እጀታ ያላትን የቡሽ መንቀያ ከኪሱ ይመዛል፤ «ጧ!» ያደርግና ቡሹን ላላ አድርጎ መልሶ ይሰጣል። አለቀ!

ባለፈው ኅዳር ጉልበቱ አላስቆም ሲለው ጠርቶ ቁልፉን ሰጠኝ።

«ለጊዜው ነው» አለ። «እስከ ግንቦት አይሃለሁ። ካልሆነልህ ለባጃጅ መለዋወጫ ነጋዴ አከራየዋለሁ፤ ሰውየው እየለመነኝ ነው።»

«አባዬ፣ አታስብ! አሳድገዋለሁ።»

«አሳድገው መች አልኩህ? አታሳንሰው ነው ያልኩህ።»

እዚህ ላይ ልብ ብገዛ ኖሮ ይህን ወግ ባላነበባችሁ... ግን እኮ አዲስ አበባ ሄጄ የሦስት ቀን የንግድ ሥልጠና ወስጃለሁ! የምስክር ወረቀቴን ከባንኮኒው በላይ ለጠፍኩ። ከረቫት አሰርኩ። ሸዋ ሮቢት ላይ ከረቫት ማሰር ምን እንደሚመስል ካላወቃችሁ፣ ጋቢ ደርባችሁ ምድጃ ዳር ተቀመጡ፤ ይገባችኋል። የመጋዘኑን ግድግዳ አስፈርሼ ሱቁን አሰፋሁ፣ መደርደሪያው ላይ መብራት አስገባሁ፣ የአባቴን ጣፋጭ ወይን ወደ ጥግ ገፍቼ እኔም ስማቸውን በቅጡ የማላነባቸውን ወይኖች ደረደርኩ።

ከሁሉ በላይ ግን ያቺን «ጧ!» አስቀረሁ። የታሸገ ዕቃ ከፍቶ መስጠት ምን የሚሉት ኋላቀርነት ነው? ሥልጠናው ላይ «ደንበኛ የሚገዛው ክብሩን ነው» ተብለናላ! ስለዚህ እያንዳንዱን ጠርሙስ ከነእሽጉ፣ ከአዲስ አበባ ባስመጣሁት ሐምራዊ ሪባን አስሬ፣ በሁለት እጄ አቀርብ ጀመር። የአባቴን የቡሽ መንቀያማ መስታወት ባለው ፍሬም ውስጥ አስገብቼ ግድግዳ ላይ ሰቀልኳት። ከሥሯም «ቅርስ» ብዬ ጻፍኩ።

ጎረቤታችን ጋሽ ሰይድ የሽንኩርት ዘርና የውኃ ፓምፕ ነጋዴ ናቸው። መጠጥ በዘመናቸው ቀምሰው አያውቁም፤ ከኛ ሱቅ የሚለያቸው ግን አንድ ቆርቆሮ ብቻ ነው። አንድ ቀን ብቅ አሉ።

«ዳኒ፣ ያ ጧ የሚለው ነገር የት ገባ?»

«ቀርቷል ጋሼ፤ ዘመናዊ ሆነናል።»

«እኔ እንኳ ዕቃውን አላውቀውም፤ ለኔ ሐራም ነው። ግን አባትህ ጧ ሲያደርግ እሰማና ‹ተክሌ ዛሬም ገበያ አለው፣ አልሐምዱሊላህ› እል ነበር። አንተ ከመጣህ ወዲህ ጭጭ አለብኝ። ሰው ይገዛሃል ወይ?»

«ኧረ ገበያውማ ደርቷል!»

«አላህ ኸይሩን ያምጣው» ብለው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ።

ደግሞም አልዋሸሁም፤ የጥር ሠርግ ደርሶ ገበያው ደርቶ ነበር። ለሙሽሮች፣ ለቤት ምረቃ፣ ለአራስ ጥየቃ... ሐምራዊ ሪባን ከተማውን አጥለቀለቀው። የገባሁበት ቤት ሁሉ ጠርሙሴ ቡፌው ላይ፣ ከፕላስቲኩ አበባ ጎን ተገትሮ ሳየው ልቤ በኩራት ያብጣል። ሲጠጣ ግን አንድም ቤት አላየሁም። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ... ምስክር ወረቀት ያለው ሰው ግን ይጠረጥራል እንዴ?

ጥር ሲያልቅ የገዛኝ ሰው ተመልሶ አልመጣም። «ሠርግ ደግሰው ደክመው ነው» አልኩ። ጾም ገባ፤ «ጾሙ ነው» አልኩ። ፋሲካም መጥቶ ሄደ፤ «ሙቀቱ ነው» አልኩ። ግንቦት ሲቃረብ ግን ፍርሃት ገባኝ። እንዳትስቁብኝ፣ ያቺ ሱቅ አብልታ ያሳደገችኝ ናት። በኔ እጅ የባጃጅ ጎማ መሸጫ ስትሆን ማየት አልቻልኩም። በመጨረሻ አንድ ዘዴ መጣልኝ፦ «የተስፋፋው ሱቅ ምረቃ» ብዬ ደንበኞቼን ልጥራ፣ አባቴም የወዳጄን ብዛት በዓይኑ ይይ!

ቀኑ ደረሰ። አባቴ ከዘራውን ይዞ ፍሪጁ አጠገብ ተቀመጠ። ቀድመው የደረሱት ጀውሃ ላይ ምግብ ቤት ያላቸው እትዬ በላይነሽ ናቸው፤ በጋዜጣ የተጠቀለለ ረዘም ያለ ነገር ታቅፈዋል።

«እንኳን ደስ ያለህ ልጄ! መቼም ለምረቃ ባዶ እጅ አይመጣ!»

ጋዜጣውን ፈታሁት... ሐምራዊ ሪባን!

ፈገግ አልኩ፤ ምን ይባላል? ቀጥሎ የመጣው መምህር በፌስታል ይዟል። ሐምራዊ ሪባን! ከደብረ ሲና ድረስ የወረዱት ባልና ሚስትም... ሪባን! ጠረጴዛው ሞላ። ሸዋ ሮቢት የሸጥኩላትን ሁሉ መልሳ ሸለመችኝ! ዞሮ ዞሮ ከቤት ይሏል ይሄ ነው።

አባቴ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አያቸው።

«በላይነሽ፣ ይሄን ከየት ገዛሽው?»

«ኧረ እኔ አልገዛሁትም ጋሽ ተክሌ! ልጄ ሲመረቅ የመጣ ነው። ያመጣችው ሴትም በሠርጓ የተሰጣትን ነው አሉ።»

«ታዲያ ለምን አልጠጣችሁትም?»

እንግዳው ሁሉ የጫማውን ጫፍ ያይ ጀመር።

«በምን እንክፈተው?» አሉ እትዬ በላይነሽ በመጨረሻ። «በጥርስ አይሆን፣ በቢራ መክፈቻ አይሆን! ባለቤቴ በሚስማር ሞክሮ ጣቱን ወግቶ ተወው። ላም አለኝ በሰማይ ሆነብን እኮ!»

«እና መጥታችሁ አትነግሩኝም?» ብዬ ጮኽኩ።

«ይሉኝታ ነዋ! ከረቫት ላሰረ ሰው ‹መክፈት አቃተን› ይባላል እንዴ? ባላገሮች ቢለንስ?»

የሁሉም ዓይን ቀስ እያለ ወደ ግድግዳው ሄደ። በከተማዋ ያለችው ብቸኛ የቡሽ መንቀያ መስታወት ውስጥ ተሰቅላ፣ ከሥሯ «ቅርስ» ተብሎ ተጽፏል። ላቤ ከረቫቴን አራሰው።

«አባዬ... ለካ ለዚህ ብለህ ነው ስትከፍትላቸው የኖርከው?»

«ኧረ ለዚህ አይደለም» አለ አባቴ። «ድምፁን ስለምወደው ነው።»

ከዚያ ተነሥቶ ፍሬሙን አወረደ፤ የጀርባውን ካርቶን ፈልቅቆ መንቀያውን አወጣ። የመጀመሪያውን ጠርሙስ ያዘና... «ጧ!»

«አልሐምዱሊላህ!» የሚል ድምፅ በቆርቆሮው ማዶ ተሰማ። «ዛሬ ገበያ አለ!»

አባቴ ቀመሰና ፊቱ ተጨማደደ። በዚያ ሙቀት ቡፌ ላይ ቆሞ የከረመ ወይን አቼቶ ሆኗል። እትዬ በላይነሽ «አይጣልም፣ ለቲማቲም ሰላጣ እወስደዋለሁ» ብለው ወደ ዘንቢላቸው ከተቱት። ሁለተኛው ደህና ሆኖ ተገኘ። ሦስተኛውም። «ጧ!» በተባለ ቁጥር እንግዳው እልል አለ። አምቦ ውኃ የቀላቀለም ነበር፤ ሥልጠናው ይህን አይፈቅድም ልል ብዬ ተውኩትና ከረቫቴን ፈትቼ ኪሴ ከተትኩ።

እንግዳው ሲበተን ቁልፉን አውጥቼ አባቴ ፊት አስቀመጥኩ። እንባዬ መጥቶ ነበር።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለኝ።

«ቁልፉ ነዋ አባዬ። አሳነስኩት።»

ቁልፉን ወደኔ መልሶ ገፋው። የቡሽ መንቀያዋን ግን ኪሱ ከተታት።

«አንተ በሩን ክፈት፤ ጠርሙሱን እኔ እከፍታለሁ።»

እነሆ እኔ ሥራ አስኪያጅ ነኝ፤ አባቴ ደግሞ ፍሪጁ አጠገብ ተቀምጦ ጧ ያደርጋል። የገዛ ሰው ሁሉ በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል። ፍሬሙ ባዶውን እንዳይቀር ጋሽ ሰይድን ባማክራቸው ጥሩ ሐሳብ ሰጡኝ፤ የሥልጠና ምስክር ወረቀቴን አስገባሁበት። «ቅርስ» የሚለውን ጽሑፍ አላነሣሁትም።